ነርስ ነበርኩ፣ ኢንጂነር ነበርኩ፦ አሜሪካ ላይ ወደ ሙያ የሚመልሱ አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ዲግሪ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው በመጀመሪያው ወር የሚሰማው ምክር ራስ ያዞራል። አንዱ «ኡበር ጀምር፣ ቢልህን ክፈል» ይለዋል። ሌላዋ «ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት ሥልጠና) ውሰጂ፣ ሁላችንም የጀመርነው እዚያ ነው» ትላለች። የአጎት ልጅ ደግሞ አይቲ ካልሆነ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያገኙት የድሮ የክፍል ጓደኛ «መጀመሪያ ዲግሪህን አስገምግም» ይላል። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚመክሩት። ግን እያንዳንዱ የሚናገረው ለራሱ የሠራለትን ነው። የእሱ ሙያና የእናንተ ሙያ፣ የእሱ ቤተሰብና የእናንተ ቤተሰብ አንድ አይደሉም።

ችግሩ የጥቂት ሰው አይደለም። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ከሌሎች ተቋማት ጋር ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ከጨረሱ መጤዎች ከአራቱ አንዱ፣ ማለትም ወደ 2 ሚሊዮን ሰው፣ ወይ ሥራ የለውም ወይ ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት በማይጠይቅ ሥራ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በዓመት የሚቀረው ደሞዝ 39.4 ቢሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ተሰልቷል። ከዚያ ቁጥር ውስጥ የእኛ ነርሶች፣ መምህራንና ሲቪል ኢንጂነሮች አሉበት።

ይህ መመሪያ የሥራ ፈቃድ ላላቸው ነው፦ ግሪን ካርድ ለያዙ፣ ጥገኝነት ላገኙ፣ በስደተኝነት ለገቡ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ሀበሻ ከሚበዛበት ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው። የሙያ ፈቃድ ሕግ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ የራሳችሁን ስቴት የሙያ ፈቃድ ቦርድ ገጽ አብራችሁ እዩ። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

«የትኛው የተሻለ ይከፍላል?» ብሎ መጀመር ያሳስታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል።

አንደኛው ጥያቄ ሙያችሁ እዚህ አገር ፈቃድ ይጠይቃል ወይ የሚለው ነው። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ ጠበቃ ያለ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ መሥራት አይችልም። የሂሳብ ባለሙያ፣ አብዛኛው ኢንጂነር፣ ፕሮግራመር፣ የፕሮጀክት ሠራተኛ ግን ቀጣሪ ካገኘ ነገ መግባት ይችላል። ይህ ልዩነት የቀረውን ሁሉ ይወስናል።

ሁለተኛው፣ በሙያችሁ ወይም በአጠገቡ የመጀመሪያውን ደሞዝ እስክታገኙ ስንት ወር ይፈጃል? ሦስተኛው፣ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የፈተና ክፍያ ብቻ አይደለም። ግምገማው፣ ፖስታው፣ መጽሐፉ፣ ለማጥናት ብላችሁ ያልሠራችሁበት ሰዓት ሁሉ ይታሰባል። አራተኛው፣ ከድሮው ትምህርታችሁ ምን ያህሉ ይቆጠራል? አምስተኛው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሪያው የት ነው?

ስድስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቀውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው። መሃል ላይ ብታቋርጡ በእጃችሁ ምን ይቀራል? ልጅ ይታመማል፣ አገር ቤት ሐዘን ይመጣል፣ ኪራይ ይጨምራል። አንዳንዱ መንገድ ግማሹ ላይ ቢቆም እንኳ ደሞዝ የሚያመጣ ወረቀት ይተዋል። አንዳንዱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ካልሄዱበት ምንም አይተውም።

## መንገድ አንድ፦ የቀድሞውን ሙያ ፈቃድ ማውጣት

ነርሶች። ከጤና ሙያዎች መካከል ይህ መንገድ በጣም የሚያዋጣው ለነርስ ነው። የቢኤስሲ ነርስ ትምህርቷን ከዜሮ አትጀምርም። ትራንስክሪፕቷ ይገመገማል፣ እንግሊዝኛዋ ይፈተናል፣ ከዚያ ኤንክሌክስ አርኤን ለሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ትቀመጣለች። ብዙ ስቴቶች የሚቀበሉት ግምገማ የሲጂኤፍኤንኤስ ነው፤ በ1977 የተመሠረተ፣ በ2025 ስሙን ወደ ትሩሜሪት የቀየረ ድርጅት ነው። የኤንክሌክስ መመዝገቢያ 200 ዶላር ነው። ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሲኖረው የሚሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የነርስ ፈቃድ ስምምነት አባል ስለሆኑ፣ እዚያ የሚኖር ሰው የሚያወጣው መልቲ ስቴት ፈቃድ በሌሎቹም አባል ስቴቶች ያሠራል።

ሰው የሚጣበቀው ፈተናው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ የቲዎሪውንና የተግባሩን ሰዓት ለየብቻ ይፈልጋሉ፦ በአዋቂዎች ሕክምና፣ በእናቶችና ወሊድ፣ በሕጻናት፣ በአእምሮ ሕክምና። የእኛ ትራንስክሪፕት ደግሞ ክሬዲቱን እንጂ የአታችመንቱን ሰዓት ዘርዝሮ አይጽፍም። ስለዚህ ኮሌጁ ራሱ ቅጹን ሞልቶ በቀጥታ መላክ አለበት። ሬጅስትራር ቢሮ የሚመላለስ፣ ውክልና ያለው ሰው አገር ቤት ከሌላችሁ ይህ ሥራ ወራት ይበላል። አንድ ክፍል ጎደለ ከተባለ፣ ብዙ ጊዜ የአእምሮ ሕክምናው ነው፣ እዚህ ኮሌጅ ገብቶ ያንን ኮርስ ብቻ መውሰድ ይቻላል። ጎደለ ሲባሉ ተስፋ ቆርጠው የተዉ ነርሶች አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል። የጎደለው አንድ ኮርስ እንጂ ሙያው አልነበረም። የዲፕሎማ ነርሶች ደግሞ እንደ ኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ የነርስ ደረጃ) ልትገመገሙ ትችላላችሁ። እሱም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ከኤልፒኤን ወደ አርኤን የሚያሻግሩ አጭር ፕሮግራሞች አሉ።

ሐኪሞች። መንገዱ የታወቀ ነው፣ ረጅም ነው፣ ውድ ነው። ኢሲኤፍኤምጂ የሚባለው ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን የሚያረጋግጥ ድርጅት ዲግሪውን ከዩኒቨርሲቲው ጋር በቀጥታ ያረጋግጣል። ከዚያ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለው የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 ሲኬ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ይጠይቃሉ። የእንግሊዝኛው ፈተና ኦኢቲ ይባላል። ከዚያ የሬዚደንሲ (በሆስፒታል የሚሰጥ የሐኪሞች ሥልጠና) ማመልከቻ፣ ኢንተርቪው፣ በመጨረሻ መጋቢት ላይ የሚወጣው የማች (የሥልጠና ቦታ ድልድል) ውጤት ይከተላል። የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸውና ውጭ አገር ከተማሩ አመልካቾች በ2024 እና በ2025 ቦታ ያገኙት ከመቶ 58 ያህሉ ነበሩ። ይህ ቁጥር ተስፋም ማስጠንቀቂያም ነው። ስቴፕ 1 ከ2022 ጀምሮ ውጤቱ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሞቹ አሁን የሚያዩት ስቴፕ 2 ሲኬን፣ የተመረቃችሁበትን ዓመትና አሜሪካ ውስጥ ያገኛችሁትን የክሊኒክ ልምድ ነው።

በስድስተኛው መመዘኛ ካየነው ይህ መንገድ ደካማ ነው። ሁለቱን ፈተና አልፎ ማች ያላገኘ ሰው የሚሠራበት ፈቃድ የለውም። ጥሩ ዜናው፣ ቴነሲ በ2023 ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠሩበትን ሕግ አወጣች፤ ቨርጂኒያን ጨምሮ ሌሎችም ተከተሉ። ሆኖም ቀጣሪ ሆስፒታል ማግኘትን ይጠይቃል፣ ፈተናውንም አያስቀርም። ከተመረቁ ብዙ ዓመት የሆናቸውና ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ግን በደንብ ሊያዩት ይገባል።

ፋርማሲስቶች። እዚህ የሚወስነው የተማራችሁበት ዓመት ብዛት ነው። ከጥር 2003 ወዲህ ለተመረቀ ሰው ኤንኤቢፒ (የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር) የሚቀበለው ቢያንስ የአምስት ዓመት ፕሮግራም ነው። የአራት ዓመት ቢፋርም ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አጣሩ። የአምስት ዓመት ከሆነ ኤፍፒጂኢኢ (ውጭ ለተማሩ ፋርማሲስቶች የሚሰጥ ፈተና)፣ ቶፍል፣ የኢንተርንሺፕ ሰዓት፣ ከዚያ ናፕሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተናና የስቴቱ የሕግ ፈተና ይከተላሉ። ፋርማሲ ቴክኒሺያን ሆኖ እየሠሩ መጨረስ የሚቻል መንገድ ነው።

ጤና መኮንን እና አንስቴዢያ። ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ የምትሄዱበት የፈቃድ መንገድ የለም። ጤና መኮንን አገር ቤት የሚሠራው ሥራ እዚህ በፊዚሺያን አሲስታንትና በነርስ ፕራክቲሽነር ተከፋፍሏል፤ ሁለቱም የአሜሪካ ትምህርት ቤት ይጠይቃሉ። አንስቴዢያ የሚሰጥ ነርስ ለመሆንም መጀመሪያ አርኤን መሆን፣ ከዚያ የዶክትሬት ፕሮግራም መጨረስ ግድ ነው። እናንተ መንገድ ሦስትን አንብቡ።

ጠበቆች። ኒውዮርክ ውጭ አገር ለተማረ ሰው በር ትከፍታለች፤ ግን ሕጋችን በአብዛኛው ከአውሮፓው ሥርዓት የመጣ ስለሆነ የ24 ክሬዲት ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ትጠይቃለች፣ ከዚያም የባር (የጥብቅና ፈቃድ) ፈተና አለ። የትምህርት ክፍያው ከባድ ስለሆነ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ አልመክርም። የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሚሠሩ ድርጅቶች በፓራሊጋልነት (በጠበቃ ረዳትነት) መግባት የተሻለ ጅማሮ ነው።

## መንገድ ሁለት፦ በዚያው መስክ ዝቅ ብሎ መግባት

ይህን ብዙ ሰው እንደ ሽንፈት ያየዋል። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ከተቀመጡ እውነት ነው። ቀን ከተቆረጠለት ግን ከሁሉም ያነሰ አደጋ ያለው መንገድ ነው።

ለጤና ባለሙያዎች ሲኤንኤ አለ፤ በሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለመሥራት ጂኤንኤ ይባላል። የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ነው፤ ስቴቶች ይጨምራሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ክፍያው በሰዓት ከ18 እስከ 22 ዶላር ገደማ ነው። ፍሌቦቶሚ (ደም መቅዳት) እና የላብራቶሪ ረዳትነትም አለ። የላብራቶሪ ቴክኖሎጂ ዲግሪ ያላችሁ ግን ከዚህ አልፋችሁ ለላብራቶሪ ባለሙያዎች ሰርተፊኬት የሚሰጠውን የኤኤስሲፒን ፈተና እዩ። ዲግሪን አስገምግሞ መቀመጥ ይቻላል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ ለላብራቶሪ ባለሙያ የስቴት ፈቃድ አይጠይቁም።

እዚህ ላይ የት መሥራታችሁ ከምን መሥራታችሁ እኩል ይቆጠራል። ሆም ኬርና ሆስፒታል ለሲኤንኤ ተቀራራቢ ሊከፍሉ ይችላሉ። ሆስፒታሉ ግን የትምህርት ድጋፍ አለው። አሠሪ ለትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ የለበትም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሆስፒታሎች ድጋፋቸውን እዚያ ቁጥር ላይ ያቆሙት። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው የውስጥ ማስታወቂያ ያያል፣ የነርስ ማናጀሯን ያውቃታል፣ ፈተናውን ሲያልፍ እዚያው ይቀጠራል። ሆም ኬር ከአንድ አዛውንት ጋር ብቻውን የሚውል ሰው ይህ ሁሉ የለውም።

ለሲቪል ኢንጂነሮች ይህ መንገድ ወርቅ ነው። ፒኢ የሚባለው ፈቃድ የሚያስፈልገው ዲዛይን ላይ ለሚፈርም ሰው ነው፤ በእሱ ሥር ለመሥራት ፈቃድ አይጠየቅም። የኤሲአይን (የአሜሪካ ኮንክሪት ተቋም) የኮንክሪት የመስክ ምርመራ ሰርተፊኬት በአጭር ጊዜ ወስዶ በማቴሪያል ቴስቲንግ ድርጅት መግባት ይቻላል። ሳይት ላይ ስላምፕ የምትለኩት፣ ሲሊንደር የምትሞሉት አገር ቤት እንደምታውቁት ነው። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተርነት፣ ቀጥሎ ወደ ፕሮጀክት ኢንጂነርነት ይኬዳል። ሲቪል 3ዲ ወይም ሬቪት የሚችል ሰው ደግሞ በካድ ቴክኒሺያንነት ቢሮ ይገባል። ወደ ፒኢ የሚያደርሰው የመጀመሪያው ፈተና፣ ኤፍኢ፣ ጎን ለጎን ይጠናል፤ 110 ጥያቄ፣ ከነዕረፍቱ 6 ሰዓት ነው። ደረጃችንን አይመጥንም ብለው ይህን ሥራ የናቁ፣ በምትኩ ለዓመታት መኪና ሲነዱ የኖሩ ጎበዝ መሐንዲሶች አውቃለሁ። ከሳይቱ የራቀ ኢንጂነር ለቀጣሪ የሚያሳየው ነገር ያጣል።

ለሂሳብ ሰዎች አካውንትስ ፔየብል፣ ፔይሮል፣ ቡክኪፒንግ አለ፤ ክዊክቡክስና ኤክሴል ካወቃችሁ ሲፒኤ (የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ማንም አይጠይቃችሁም። በእኛ ሰው ዘንድ ብዙ የማይታወቅ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባል የአይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ፈቃድ አለ። ሦስት ፈተና ነው፣ ዲግሪም የዲግሪ ግምገማም አይጠይቅም፣ በሁሉም ስቴት ይሠራል። የሀበሻ ንግድ ቤት፣ የታክሲና የትራክ ባለቤት በሞላበት ከተማ አማርኛ የሚናገር የታክስ ባለሙያ ሥራ አያጣም። ሲፒኤውን የምትፈልጉ አራት ፈተና፣ በእያንዳንዱ 75 ነጥብ ይጠብቃችኋል። ለፈቃዱ የቆየው ደንብ 150 ክሬዲት ቢሆንም፣ ከ2025 ወዲህ ኦሃዮንና ቨርጂኒያን የመሳሰሉ ስቴቶች በባችለር ዲግሪና በሁለት ዓመት ልምድ የሚያልፍ አማራጭ ሕግ አውጥተዋል። የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላችሁ የክሬዲት ቆጠራውን አስቀድማችሁ አጣሩ።

## መንገድ ሦስት፦ እንደገና መማር

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ አዲስ ሙያ መያዝ ሲሆን፣ ሌላው በአገር ቤቱ ዲግሪ ላይ ማስተርስ መጨመር ነው።

አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ስለ ፔል ግራንት፣ ማለትም መልሶ ስለማይከፈለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ፣ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ፎርም ሞልቶ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ፔል ግራንት ግን ባችለር ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው፤ ከኢትዮጵያ የተገኘ ባችለርም ይቆጠራል። «ዲግሪህን አትናገር» የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ። ፎርሙ ላይ መዋሸት ገንዘቡን ከማስመለስ አልፎ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊያስጠይቅ ይችላል። የሚቀሩላችሁ ብድር፣ የስቴትና የኮሌጁ ስኮላርሺፕ፣ የአሠሪ ድጋፍ ናቸው። የአሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉት ቢሮዎችም ለተመረጡ ሙያዎች የሥልጠና ክፍያ ይሸፍናሉ። ብዙ ሰው ሥራ ፈላጊ ብቻ የሚሄድበት ይመስለዋል።

ክፍያው የነዋሪነት ጉዳይም ነው። በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የካውንቲው ነዋሪ የሚከፍለው ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ከሚከፍለው ግማሽ አይሞላም። በቨርጂኒያ ኖቫን (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን) ጨምሮ የስቴቱን ዋጋ ለማግኘት በጥቅሉ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስቴት ቤት ከመቀየራችሁ በፊት የትምህርት ዕቅዳችሁን አስቡ።

ለጤና መኮንኖችና ለባዮሎጂ ምሩቃን የምመክረው አክሰለሬትድ ቢኤስኤን (የተፋጠነ የነርስ ባችለር) ነው። በሌላ ትምህርት ባችለር ላለው ሰው የተዘጋጀ ሲሆን ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ቀድሞ አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂና ሌሎች ኮርሶች ይጠየቃሉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለው የአርኤን ፕሮግራም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከቅድመ ኮርሶቹ ጋር ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። አክሰለሬትዱ ላይ ሙሉ ጊዜ መሥራት አይቻልም፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ላይ በሳምንት መጨረሻ ሺፍት መኖር ይቻላል።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ የትኛውን ሥራ እንደሚከፍትላችሁ በሥራ ማስታወቂያ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ አትመዝገቡ። በሕዝብ ጤና ማስተርስ ይዘው ሥራ ያጡ ብዙ ናቸው። ዳታ መተንተን ወይም የክሊኒካል ምርምር ማስተባበርን አብራችሁ ከያዛችሁ ግን ሌላ ነው።

## መንገድ አራት፦ ወደ አይቲ መዞር

አገር ቤት ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኤሌክትሪካል ለተማረ ሰው ይህ መዞር አይደለም፤ ሙያው ነው። ፈቃድ የለበትም፣ ሥራችሁን ማሳየት ከቻላችሁ በቂ ነው። የምናገረው ስለሌሎቹ ነው።

ለረጅም ጊዜ የማኅበረሰባችን ተመራጭ መንገድ የጥቂት ወራት የኪውኤ (የሶፍትዌር ፍተሻ)፣ የሴልስፎርስ ወይም የዴቭኦፕስ ሥልጠና ነበር። የተሳካላቸው ብዙ ናቸው፤ አልክድም። ዛሬ ግን ሁኔታው ተቀይሯል። የጀማሪ ቦታ ቀንሷል። በ2025 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛና ኮንትራት ሲቀንስ የዋሽንግተን አካባቢ ገበያ በቀጥታ ተመቷል። በዚያ ላይ እዚህ አካባቢ ካሉት የአይቲ ሥራዎች ብዙዎቹ ሴኩሪቲ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ይጠይቃሉ። ክሊራንስ ደግሞ ለዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ሥልጠና ከሚሸጡት ውስጥ ይህን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

ሌላው፣ ያልሠራችሁበትን የሥራ ልምድ ሬዙሜ ላይ ጽፎ የሚሰጥ ሥልጠና ካጋጠማችሁ ውጡ። ቀጣሪ ልምድ ያጣራል። ተባርሮ ሌላ ቦታ ማመልከት ከዜሮ ከመጀመር ይከብዳል። ሺህ ዶላሮችን ከመክፈል ኮምፕቲያ ኤ ፕላስን ወይም ሴኩሪቲ ፕላስን የመሰለ የአይቲ ሰርተፊኬት በራስ አጥንቶ መፈተን፣ በሄልፕ ዴስክ መጀመር ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው አይቲውን ከድሮው ሙያ ጋር ማያያዝ ነው። ነርስ የነበረች ሰው የሆስፒታል መዝገብ ሥርዓት ላይ፣ ባንክ የሠራ ሰው የዳታ ትንተና ላይ ከአዲስ ተመራቂ ይቀድማል።

## መንገድ አምስት፦ ገንዘቡን አስቀድሞ

ኡበር፣ ትራክ፣ ፓርኪንግ፣ መጋዘን፣ ካሸር። በዲሲ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በሐምሌ 2025 ወደ 17.95 ዶላር ከፍ ብሏል። ቤተሰብ ይዞ የገባ ሰው ይህን መንገድ መዝለል ላይችል ይችላል፤ ነውርም የለበትም። ጥያቄው የትኛው ሥራ ለጥናት ጊዜ ይተዋል የሚለው ነው።

የሌሊት ጥበቃና የጋራዥ ቡዝ ትንሽ ይከፍላሉ፣ ግን መጽሐፍ ያስነብባሉ። እዚያ ቁጭ ብለው የፈቃድ ፈተና ያለፉ ሰዎች አሉን። ኡበር ሰዓቱን ለእናንተ ይተዋል፤ ሆኖም የምታዩት ገንዘብ ሁሉ የእናንተ አይደለም። የመኪናው እርጅና አለ፣ ነዳጅና ኢንሹራንስ አለ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ከትርፉ የሚከፍለው 15.3 ከመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ታክስም አለ። ረጅም ርቀት ትራክ ጥሩ ይከፍላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤትን ከእሱ ጋር ማስኬድ አይቻልም ማለት ይቻላል። ሙያ ቀይሬ በዚሁ እኖራለሁ ካላችሁ የሚከበር ኑሮ ነው። ለጊዜው ብላችሁ ከገባችሁ ግን አደጋው የከፋ ነው፤ የክፍያው መጠን የቤትና የመኪና ዕዳ ያስገባችኋል፣ ከዚያ ወደ 20 ዶላር የመግቢያ ሥራ መመለስ አይቻልም።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

ጊዜዎቹ ወረቀቱ ሳይዘገይ ለሚሄድ ሰው የተሰጡ ግምቶቼ ናቸው።

| መንገድ | በመስኩ እስከ መጀመሪያው ደሞዝ | ወጪ | የድሮው ትምህርት | መሃል ላይ ቢቋረጥ የሚቀር | በተለይ የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ፈቃድ (ነርስ) | 1 እስከ 2 ዓመት | መካከለኛ | በአብዛኛው ይቆጠራል | የተገመገመ ዲግሪ | የቢኤስሲ ነርስ |
| ፈቃድ (ሐኪም) | 3 ዓመትና ከዚያ በላይ | ከፍተኛ | ይቆጠራል፣ ሬዚደንሲ ይጨመራል | ጥቂት | በቅርብ የተመረቀ፣ የቤተሰብ ድጋፍ ያለው |
| ዝቅ ብሎ መግባት | 1 እስከ 4 ወር | ዝቅተኛ | በቀጣሪው ዘንድ ይታያል | ሥራ፣ የአሜሪካ ልምድ፣ ምስክር | ሲቪል ኢንጂነር፣ ሂሳብ፣ ላብራቶሪ |
| እንደገና መማር | 1 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | በከፊል | ክሬዲት፣ ምናልባትም ዕዳ | ጤና መኮንን፣ ሙያ መቀየር የወሰነ |
| አይቲ | 6 ወር እስከ 2 ዓመት | በራስ ጥናት ዝቅተኛ | ከተያያዘ ይጠቅማል | ሰርተፊኬት | የኮምፒውተር መሠረት ያለው |
| ገንዘቡን አስቀድሞ | ቀናት እስከ ሳምንታት | ዝቅተኛ (መኪናው ካልታሰበ) | አይቆጠርም | ቁጠባ | ዛሬ ኪራይ ያለበት |

## ለማን የትኛው?

ብቻዋን ያለች፣ ክፍል የተከራየች የቢኤስሲ ነርስ። ሆስፒታል ውስጥ በሲኤንኤ እየሠራችሁ ግምገማውን ዛሬ ጀምሩ። ሁለቱ ይሄዳሉ። ወረቀቱ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ለኤንክሌክስ ጥናት ይበቃል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውጭ አገር የተማሩ የጤና ባለሙያዎችን ለመርዳት የተቋቋመ ዌልካም ባክ ሴንተር አለው፤ ሜሪላንድ ያላችሁ ጠይቁ።

የሦስት ልጆች አባት የሆነ ሲቪል ኢንጂነር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኡበር ነድታችሁ ቤት ክፈሉ። በዚያው ጊዜ የኤሲአይን ሰርተፊኬት አውጡ፣ ለቴስቲንግ ድርጅቶች አመልክቱ። ኤፍኢው በሁለተኛው ዓመት ይደርሳል። ደሞዙ መጀመሪያ ከኡበሩ ቢያንስ እንኳ የጤና ኢንሹራንሱን አስሉት፤ ለአምስት ሰው ብዙ ገንዘብ ነው።

ከተመረቀ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ሐኪም። ባለቤታችሁ ቤቱን መያዝ ከቻሉ፣ ለሁለት የማች ዙር የሚበቃ ጊዜና ገንዘብ መድቡ፤ መጨረሻውንም አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ጎን ለጎን ሆስፒታል ውስጥ በክሊኒካል ምርምር ወይም በሕክምና አስተርጓሚነት መሥራት ከመስኩ አያርቃችሁም። ቤቱን የሚይዝ ሰው ከሌለ ግን የጊዜያዊ ፈቃዱን ስቴቶች ወይም ሌላ የጤና ሥራ መመልከት ለቤተሰቡ ይሻላል።

ሕጻናት ያሏት የሂሳብ ባለሙያ። ኢንሮልድ ኤጀንት። ከቤት ይጠናል፣ ከቤት ይሠራል፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው የታክስ ወቅት ጥሩ ገቢ ያመጣል። ሲፒኤው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይቀጥላል።

ማኔጅመንት፣ ሶሺዮሎጂ ወይም የመሳሰለውን የተማረ፣ ፈቃድ የሌለው ሙያ ያለው። ከሥልጠና በፊት ሬዙሜያችሁን አስተካክሉ። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ ይውጣ። ሁለት ገጽ ይበቃል። አገር ቤት የመራችሁትን ሰው ብዛትና በጀት በቁጥር ጻፉ፤ ይሉኝታ እዚህ ሥራ ያስመልጣል። አፕዋርድሊ ግሎባል ውጭ ለተማሩና የሥራ ፈቃድ ላላቸው ባለሙያዎች በነጻ ያሠለጥናል። አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስልም ከ1983 ጀምሮ አዲስ መጤዎችን ሲያግዝ ቆይቷል። የመምህርነት ልምድ ያላችሁ በፓራኤጁኬተርነት (በመምህር ረዳትነት) ወይም በተተኪ መምህርነት ጀምሩ፤ የትምህርት ቤቱ ሰዓት ከልጆቻችሁ ጋር ይሄዳል።

## ገና አገር ቤት ላላችሁ

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ጨርሳችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ከላይ ያሉትን መንገዶች ሁሉ የሚያሳጥር ሥራ አሁን በእጃችሁ ነው። ኮስት ሼሪንጉን ክፈሉና ኦሪጅናል ዲግሪውን ውሰዱ። ስቱደንት ኮፒ ለግምገማ አይሆንም፤ ዌስም ሆነ ሌላው ገምጋሚ የሚፈልገው ከዩኒቨርሲቲው የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የግል ኮሌጅ የተማራችሁ ዲግሪያችሁን ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ አረጋግጡ፤ ኮሌጁ ነገ ቢዘጋ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ይሁን። የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃዳችሁን አድሱ፣ ፈቃዳችሁ ንጹሕ መሆኑን የሚገልጸውን ጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤ ጠይቁ። የኮርስ መግለጫውን ኮፒ አድርጉ፤ ብዙ ገጽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሠራችሁበትን ዘመን ብቻ ሳይሆን የሠራችሁትን ሥራም ይዘርዝር። በመጨረሻ ሬጅስትራር ሄዶ በስማችሁ የሚፈርም ሰው መርጣችሁ ውክልና ስጡ። ውክልናው ላይ «የትምህርት ማስረጃ መጠየቅ፣ መቀበል፣ ማስላክ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ።